አባባ፣ የወረቀቱ ልደትዎ ደርሷል

ይድረስ ለውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤ "ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ" ተብሎ ይጀመራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔም ከናፍቆትና ከእርስዎ ሜዲኬር በስተቀር ደህና ነኝ።

ያንን 65 ለሞላው ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ ስልክ ላይ ሳነሳው "ኦባማ ኬር አለኝ አይደል፣ ምን አስቸኮለሽ?" ይሉኛል፣ በመንግሥት ድጎማ ራስዎ የገዙትን ኢንሹራንስ ተማምነው። ከዚያ ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ይዞራል። ስለዚህ ጻፍኩት።

በአያቴ ቆጠራ በሐምሌ ሥላሴ ነው የተወለዱት፤ ባለፈው ወር 65 ሞሉ ማለት ነው። ወረቀትዎ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1961 ይላል። ያኔ የቪዛ ፎርሙን የሞላልዎ ሰው፣ እንደ ብዙው አበሻ፣ ጃንዋሪ 1 ብሎ ተገላገለ። አሜሪካ የምታውቀው ያንን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጉድ አለ። ሜዲኬር ለመመዝገቢያ ሰባት ወር ይሰጣል፦ 65 የሚሞላበትን ወር፣ ከፊቱ ሦስት፣ ከኋላው ሦስት። በወሩ የመጀመሪያ ቀን የተወለደ ሰው ግን አንድ ወር ቀድሞ እንደሞላ ይቆጠርለታል። ስለዚህ የእርስዎ ወር ጃንዋሪ ሳይሆን ዲሴምበር ነው። ምዝገባው ሴፕቴምበር ላይ ይከፈታል፣ በማርች መጨረሻ ይዘጋል። እስከ ኖቬምበር ከጨረስን ካርዱ ከዲሴምበር 1 ጀምሮ ይሠራል። ከዚያ ካለፈ፣ ከተመዘገቡበት በሚቀጥለው ወር ነው የሚጀምረው። ማርችም ካመለጠን እስከ ቀጣዩ ጃንዋሪ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ኦባማ ኬሩ። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ኢንሹራንስ ቢሰጥዎ ኖሮ ሥራ እስኪያቆሙ መቆየት ይችሉ ነበር። ራስዎ የገዙት ግን ለዚህ አይቆጠርም። ሜዲኬር ሲጀምር መንግሥት የሚደጉምልዎ ገንዘብም መቆም አለበት። ዝም ብለን ከቀጠልን ታክስ ሲሠራ "መልሱ" ሊሉን ይችላሉ። ኦባማ ኬሩ በራሱ አይዘጋም፤ እኛው ነን የምንዘጋው።

ያ ቡና የሚጠጡት ጓደኛዎ ምን እንደሆኑ ያውቃሉ። "አልታመምኩ፣ ምን ያደርግልኛል" ብለው ሁለት ዓመት አለፋቸው። ለእያንዳንዱ ያለፈ ሙሉ ዓመት በፓርት ቢ፣ በሜዲኬሩ የሐኪም ክፍል፣ ወርሃዊ ክፍያ ላይ 10 በመቶ ይጨመራል። የ2025 የፓርት ቢ ክፍያ በወር 185 ዶላር ነው። የሳቸው ቅጣት ብቻ 37 ዶላር መጣ። ያውም በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ።

ፓርት ኤ፣ የሆስፒታል አልጋው፣ ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቅዎትም። አሥር ዓመት ታክስ ለከፈለ ሰው እንዲያ ነው። እርስዎ ደግሞ 14 ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ቆመዋል። በዚያ ብርድ እግርዎ አብጦ ሲገቡ ውሃ የማሞቀው እኔ ነበርኩ። ቼኩን እያዩ "ይሄ ሁሉ ተቆርጦ የት ይሄዳል?" ይሉ ነበር። ይኸው አባባ፣ ወደዚህ ነበር የሚሄደው።

ፓርት ቢ ለሐኪምና ለምርመራ ነው፤ እሱም ቢሆን 20 በመቶ ያህሉን ለታካሚው ይተዋል። ገቢዎ ዝቅ ያለ ስለሆነ የወሩን ክፍያ ስቴቱ ሊሸፍንልዎ ይችላል፣ እናመለክታለን። ለግፊት መድኃኒትዎ ፓርት ዲ ለብቻው ይመረጣል። እሱም ቢዘገይ የራሱ ቅጣት አለው።

ምዝገባው በሶሻል ሴኩሪቲ፣ በመንግሥቱ የጡረታ ቢሮ፣ በኩል ነው። ጡረታ ገና ስላልጀመሩ ካርዱ በራሱ አይመጣም። አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣሉ፣ "አማርኛ" ማለት ብቻ ነው። ፕላን ለመምረጥ ሺፕ የሚባል ነፃ አማካሪ አለ፤ ምንም አይሸጡም። ቴሌቪዥን ላይ "አሁኑኑ ይደውሉ" የሚሉትን ግን ይተዉአቸው። ደውሎ የሜዲኬር ወይም የሶሻል ቁጥርዎን ለሚጠይቅም እንዳይሰጡ፣ አደራ።

ሴፕቴምበር 1 ሌበር ዴይ ነው፣ ቢሮው ዝግ ነው። ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2፣ ልክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እደውልልዎታለሁ። እኔ ጋ ሲያትል ገና 12 ሰዓት ነው፣ ግድ የለም። ሦስታችንም መስመር ላይ እንሆናለን፤ እርስዎ፣ እኔና የቢሮው ሰው። ፓስፖርትዎንና የሶሻል ካርድዎን ከዚያ ከጥቁሩ ቦርሳ አውጥተው ይጠብቁኝ።

የልደት ቀን ሲጠይቁዎት ደግሞ ሐምሌ ሥላሴን እንዳያነሱብኝ።

ልጅዎ
ነሐሴ 2017