መሠረቱ ሳይቆፈር

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ድንገት ስጽፍልሽ ምን እንደምትይ ይገባኛል። ይቅር በይኝ፤ ወቀሳሽን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ስለዚያ የመጨረሻ ንግግራችንም አሁን አላነሣም፣ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ዛሬ ያስጻፈኝ ሌላ ነው። የሚስዮን አገልግሎታችሁ በመንደሩ ለ40 ልጆች የሚሆን ማሳደጊያ ሊሠራ ነው፣ ገንዘቡም ቃል ተገብቶለታል፣ ኮሚቴው በዚህ ወር ይወስናል ሲሉ ሰማሁ።

ስንት ዓመት እንደጸለይሽበት ስለማውቅ ይህን ለመጻፍ እጄ ደጋግሞ ቆሟል። ግን ሌላ ሰው ዘግይቶ ከሚነግርሽ እኔ አሁኑኑ ብነግርሽ ይሻላል፦ እባክሽ፣ መሠረቱ አይቆፈር።

የልጆቹን መዝገብ አውጪና አንድ ዓምድ ጨምሪበት። እናት አለች? አባት አለ? አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ የደረሰ ታላቅ ወንድም? በየአገሩ ማሳደጊያ ከገቡት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ከቤታቸው የሚያስወጣቸው በአመዛኙ የትምህርት ወጪ፣ የእናት ሕመም፣ የሚበላ ማጣት ወይም የልጁ አካል ጉዳት ነው። ሕንፃው ከቆመ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አልጋ፣ ምግብና ትምህርት በአንድ ግቢ ሲገኝ የጨነቃት እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ የምታመጣውም ስለምትወደው ነው። 40 አልጋ ከተዘጋጀ 40 ልጅ አይጠፋም። ባዶ አልጋ ለለጋሽ ሪፖርት ስለማይመች ሠራተኞቹም ልጅ ፍለጋ መውጣታቸው አይቀርም። ክፉ ሰው ባይኖርበትም እንኳ አሠራሩ ራሱ ወደዚያ ይጎትታል።

አንቺ ደግሞ እንደ ልማድሽ «ማስረጃው የታለ?» ማለትሽ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ይዞ የተጀመረ ጥናት አለ። ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ተወሰዱ፣ ግማሾቹ ባሉበት ቀሩ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገትም ሆነ ከሰው ጋር በመተሳሰር ተሻሉ፤ 2 ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ደግሞ ይበልጥ ተሻሉ። ሞግዚት ደግና ታታሪ ብትሆንም በፈረቃ ትቀየራለች፣ የተሻለ ሥራ ስታገኝም ትሄዳለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሌሊት የምታነሣው ሌላ፣ ጠዋት የምታጥበው ሌላ ትሆንበታለች። እንግዳ ሲመጣ ሮጠው እግሩ ላይ የሚጠመጠሙትን ልጆች አስቢያቸው። ጎብኚው «እንዴት አፍቃሪ ናቸው!» ብሎ ፎቶ ያነሣል። እናቱ አጠገብ ያደገ ሕፃን ግን የማያውቀውን ሰው ሲያይ መጀመሪያ ቀሚሷን ይይዛል። ለማንም የሚዘረጋ እጅ ብዙ ጊዜ የራሴ የሚለው ሰው ያጣ ልጅ ምልክት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። ወንድምና እህት እንዳይነጣጠሉ፣ ከ3 ዓመት በታች ያሉትም በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ይላል። ኮሚቴው ውስጥ ሕግ የሚወዱ ሰዎች ስላሉ ይህን አንብቢላቸው።

«ታዲያ ገንዘቡን ምን እናድርገው?» ትይኛለሽ። ወደ ልጆቹ ቤት ይሂድ። ከሁሉ በፊት ቤት ለቤት የሚዞር የሠለጠነ ሠራተኛ ቅጠሩ፤ ለአንድ ሰው ከ25 ቤተሰብ በላይ አትስጡት፣ ከዚያ ካለፈ ጉብኝቱ ፊርማ መሰብሰብ ብቻ ይሆናል። ለጋሾች ስማቸው የሚቀረጽበት ግድግዳ ይወዳሉ፣ ደመወዝ መክፈል ግን አይጥማቸውም፤ ትልቁ ትግልሽ እዚህ ላይ ነው። በግልጽ ንገሪያቸው፦ ሥራው እኮ ይህ ሰው ነው።

ቤተሰቦቹን ቢሮ ተቀምጣችሁ አትምረጡ። መስፈርቱን ለመንደሩ ሰው በጉባኤ አንብቡ፣ ስሞቹን ሕዝቡ ይጠቁም፣ ከዚያ ሠራተኛው ቤታቸው ሄዶ ያረጋግጥ። እንዲያ ካልሆነ የምእመናንና የመሪዎች ዘመድ ዝርዝሩን ይሞላዋል፤ ሐሜቱ ደግሞ ከእርዳታው ቀድሞ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን የማይመጣው ቤተሰብም እኩል ይመዘገባል። ልጁ በእሑድ ትምህርት ባለመገኘቱ ደብተር ከተከለከለ ወንጌሉን ሸጥነው ማለት ነው።

መዝገቡ በልጅ ስም ሳይሆን በቤት ይከፈት። አንዱ ልጅ ጫማና ቦርሳ አግኝቶ ታናሹ ባዶ እግሩን ሲሄድ ቤቱ ይታመሳል፣ እናትየዋም የተመረጠውን ልጅ እንደ ገቢ ምንጭ ማየት ትጀምራለች። ከእናትየዋ ጋር ተቀምጣችሁ በዚህ ዓመት መለወጥ ያለባቸውን 2 ወይም 3 ነገሮች ጻፉ፤ በየ3 ወሩ እያያችሁ እርዳታው መቼ እንደሚያበቃም ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ። ማብቂያ የሌለው እርዳታ ሲቋረጥ ሁልጊዜ ድንገት ነው፣ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ለገቢው የቁጠባ ቡድን ይኑር። እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር ገጠር በሴቶች የተጀመረውና በኋላ በብዙ አገር የተዛመተው ዓይነት ማለቴ ነው። ከ15 እስከ 25 ሰዎች እርስ በርሳቸው ተማምነው ይሰባሰቡ፣ እናንተ አትደልድሏቸው። በየሳምንቱ ያጠራቀሙት ገንዘብ ሁሉም እያየ ይቆጠር፣ ከእሱም ይበዳደሩ። ሣጥኑ 3 ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹ 3 ሰዎች ዘንድ፣ ሣጥኑ ግን አራተኛ ሰው ቤት ይቀመጥ። ብድር ከተበዳሪዋ ቁጠባ 3 እጥፍ አይለፍ። ዓመት ሲሞላ ተከፋፍለው እንደ አዲስ ይጀምሩ። አደራ፣ የሚስዮኑን ገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ አትጨምሩ። ጎረቤቷ ያጠራቀመችውን የተበደረች ሴት ለመመለስ ትጨነቃለች፣ ከውጭ የመጣ ገንዘብ ግን የማንም ስለሚመስል ሳይመለስ ይቀራል፣ ቡድኑም አብሮ ይፈርሳል።

ትንንሾቹን በየወሩ ለኩ። የጤና ባለሙያዎች ሙዋክ የሚሉት፣ በክንድ ውፍረት የምግብ እጥረትን የሚያሳይ ባለ ቀለም መለኪያ ከ6 እስከ 59 ወር ላሉት ይበቃል። የግራ ክንዱን ከክርኑ አጥፋችሁ ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ጫፍ መሃሉን ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ እጁ ዘና ብሎ ወደ ታች ይውረድ። መለኪያው ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቀው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይላካል። ከዚያ በላይ ሆኖ 12.5 ያልሞላው ቢጫ ነው፣ እሱም ተመዝግቦ ክትትል ይጀመርለት። ስሕተት የሚመጣው መሃሉን በዓይን ሲገምቱና መለኪያውን ሲያጠብቁት ነው። አረንጓዴ ቢያሳይም የሁለቱንም እግር ጀርባ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጫኑ። ጣታችሁ ሲነሣ በሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ ልጁ ሳይውል ሳያድር ይወሰድ። እብጠቱ የጠገበ ስለሚያስመስለው ብዙ ሰው አይቶ ያልፈዋል፣ ልጁም የሚሞተው በዚህ መሃል ነው።

በእውነት ማንም የሌለው ልጅ ቢገኝስ? ይገኛል፣ አልክድም። መጀመሪያ ዘመድ ይፈለግ፤ አያት ካለች አያትን ደግፉ። ዘመድ ከጠፋ የተመረመረና የሠለጠነ አሳዳጊ ቤተሰብ፣ ቋሚ የሚሆነው ደግሞ በሕግ የጸና ጉዲፈቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው አገሩ በሚፈቅደው መንገድ፣ ሥልጣን ካለው አካል ጋር ነው። ጥቂት ልጆች የሚያርፉበት ትንሽ ቤት ቢያስፈልግ እንኳ ለአጭር ጊዜ ይሁን። አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ደግሞ አደራ እልሻለሁ። እናቶቻቸው የሚሸነፉት ብዙ ጊዜ በድካም ነው። በሳምንት አንድ ቀን ልጁን የሚይዝላት ሰው ማግኘት ቤቱን ከመፍረስ ያድነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ... ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ግን ሳልጽፈው አልጨርስም። በመንፈሳዊ ቤት ውስጥ ሰው ስለሚተማመን ልጅን የሚጎዳ ሰው በቀላሉ ይገባል። ማንም አዋቂ፣ መጋቢም ሆነ ለጋሽ፣ ከልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሁን። እንግዳ ስሙና ማንነቱ ሳይጣራ አይግባ። የልጅ ፎቶ ከስሙና ከመንደሩ ጋር አይውጣ፣ ወላጁ «እሺ» ሲልም እንቢ ቢል እርዳታው እንደማይቀርበት ይወቅ። ጥቆማ ከመጣ ለቤተ ክርስቲያን ስም ተብሎ በምክርና በዕርቅ አይሸፈን፤ በዚያው ቀን ለሕግ ይነገር።

ስለ ሕንፃው ቃል የገቡትን ሰዎች አትፍሪያቸው። አብዛኞቹ የሚወዱት ልጆቹን ነው፤ ሌላ መንገድ ስላልታያቸው ነው ግንብ ያሰቡት። ከስብሰባው በፊት መዝገቡን ከነአዲሱ ዓምድ ላኪልኝ፣ የልጆቹን ስም አጥፍተሽ ቁጥር ብቻ ስጪያቸው። ለለጋሾቹ የሚሄደውን ደብዳቤ ረቂቅ እኔ እጀምረዋለሁ፣ አንቺ ታርሚዋለሽ፤ የኔን ጽሑፍ ማረም መቼም ትወጃለሽ። እናትሽን ሳሚልኝ።

እህትሽ