ሰኔ ላይ የሚወጣው፣ ሐምሌ ላይ የሚከፈለው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ከግንቦት ማብቂያ እስከ ሰኔ 30 ሱቄ ውስጥ የሚሆነውን በዚህ ንግድ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላ ጊዜ አንድ ደስጣ ወረቀት ለመግዛት ወር የሚያጉላሉ መሥሪያ ቤቶች ፕሮፎርማቸውን ይዘው ገና በር ስከፍት ይደርሳሉ። ወረቀት በካርቶን፣ ማኅደር በመቶ፣ ባነር በሜትር ይታዘዛል።

ባለፈው ሰኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ሠራተኛ መጥቶ ሃያ ፍሬ የፕሪንተር ቀለም ጠየቀኝ። ቀለሙ እንደየማሽኑ ስለሚለያይ «የትኛው ፕሪንተር ነው?» አልኩት። አላወቀውም። ቢሮው ደውሎ ጠየቀና ስልኩን ዘግቶ፣ «አቦ ጋሼ፣ ማሽኑ ከተበላሸ ቆይቷል አሉ። ብቻ ይስጡኝ፤ ሐምሌ ከገባ ገንዘቡ ተመላሽ ነው» አለኝ። ሸጥኩለት፤ ደረሰኝም ቆረጥኩለት። ልጁ ጨዋ ልጅ ነው፤ ለራሱ አምስት ሳንቲም አልወሰደም። ግን ያ ቀለም ዛሬም ካርቶኑ ውስጥ እየደረቀ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ሐምሌ ሲገባ ሰልፉ ወደ እኛ ይዞራል። ግብር ልከፍል ወረፋ ይዤ ሳለ ከፊቴ የቆመችው ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ ሴት ነበረች። ብሯን ከመቀነቷ ፈትታ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው፣ ጎደለባት፣ ልጇን ልካ አስመጣች። እሷ በሐምሌ ከመቀነቷ የምትፈታው ብርና በሰኔ እኔ ሱቅ ለተበላሸ ማሽን ቀለም የተገዛበት ብር አንድ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ችግሩ የሰው ክፋት ቢሆን ኖሮ ለፖሊስ እንጂ ለጋዜጣ አልጽፍም ነበር። ደንቡ ነው ሰውን እንዲህ የሚያደርገው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ገንዘብ የመለሰ ኃላፊ «አቅም የለውም፣ በጀቱን አልተጠቀመም» ተብሎ ይገመገማል፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀቱም ይቀነሳል። ሁሉንም የጨረሰው ደግሞ «መቶ በመቶ ፈጸመ» ተብሎ ይመሰገናል። መቆጠብ የሚያስነቅፍበት ቤት ውስጥ ማን ይቆጥባል?

የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። አምና ሁለት መቶ ወንበር ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ገንዘቡ ነበረን፤ ብዙዎቻችን እጃችንን ልናወጣ ስንል አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «በዚህ ዓመት ወንበር አልቆ ሰው ቆሞ የዋለበት ለቅሶ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። መዝገቡን ገልጬ ቆጠርን፤ ሁለት ብቻ ነው። ለሁለት ቀን ብለን አንገዛም፣ ሲያስፈልግ እንከራያለን ተባለና ተዘጋ። ሐረር ያሉ ወዳጆቼም እንደ እድር ያለውን ማኅበራቸውን፣ የአፎቻቸውን ገንዘብ የሚጠብቁት በዚሁ ዓይን ነው። ያዋጣው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠይቃል። በመንግሥት ገንዘብ ላይ የሚወስነውና ገንዘቡን ያዋጣው ሰው ግን አይተያዩም። ስለዚህ የመንግሥት ወጪ ከእድር ይልቅ ጠንካራ ልጓም ያስፈልገዋል።

ጉዳዩ ከወረቀትና ከቀለም በላይ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን መንግሥት አሥር አዳዲስ ስኳር ፋብሪካዎች እሠራለሁ ብሎ በአንድ ጊዜ ጀመረ፤ ብዙዎቹ በቀጠሯቸው አላለቁም፣ ስኳር ግን በሰልፍ ስንገዛ ኖርን። በ2007 በዓለም ገበያ አንድ ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደርን፤ ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ የሚያልፈው አዲሱ ባቡር ጥቅሙ አይካድም፤ ነገር ግን በአሥር ዓመት ይከፈላል የተባለው ዕዳው ወደ ሠላሳ ዓመት እንዲራዘም ቻይናን መለመን ግድ ሆኗል። ሠላሳ ዓመት ማለት ዛሬ ከእኔ ሱቅ ደብተር የሚገዛው ተማሪ ጎልማሳ ሆኖም ይከፍላል ማለት ነው።

መንግሥት በግብርና በብድር ያልሞላለትን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። ይህ ብር ሲረጭ ዕቃው አብሮ አይጨምርም፤ ስለዚህ ዋጋ ይወጣል። ነገሩ ማንም የምክር ቤት አባል እጁን ያላወጣበት ግብር ነው፣ የሚከብደውም ደመወዙ በማይጨምር ሰው ላይ ነው። ነሐሴ 2015 ላይ ባንኩ ይህን ብድር ካለፈው ዓመቱ ብድር አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ ሲገድብ እኔ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ያኔ የወረቀት ዋጋ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ቀይሬ ለጥፌያለሁ። አንዲት እናት ስምንት ደብተር አንሥታ ሦስቱን ወደ መደርደሪያው ስትመልስ ያየሁት በዚያ ሳምንት ነው።

«ታዲያ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አይቀመጥ! ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰፈራችንን ሲጠርግ ከ250 በላይ ሰው አልቋል። አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚታየው ወንዝ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው የጎርፍ መከላከያ ግንብ አይሠራ አይልም። ያን ግንብ እድር አይሠራውም፣ ነጋዴም አይሠራውም። ለግንቡ፣ ለውኃው፣ ለፍርድ ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያው የምከፍለው ግብር አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ የወንዙ ዳር በቆሻሻና በደለል ተሞልቶ ሳለ ለዓመታዊ በዓል ባነር፣ ለቲሸርትና ለስብሰባ አበል ገንዘብ የማይጠፋ መሆኑ ነው። ሁሉን የያዘ መንግሥት እሱ ብቻ ሊሠራው ለሚችለው ነገር እጅ ያጥረዋል።

የሰኔው ግዥ ለእኔ ዓይነቱ ነጋዴ ሲሳይ መሆኑን አልክድም። ይቅርብኝ። ቅመም ሻጯ ብሯ እጇ ላይ ቢቀር ኖሮ ለልጇ ደብተር ከእኔው ትገዛ ነበር፤ ያ ገበያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው።

ድሬዳዋ በ1996 በወጣው ቻርተሯ መሠረት የራሷ ምክር ቤት አላት፤ በጀቷን የሚያጸድቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ልመናዬን ለአባላቱ አቀርባለሁ። ሥራውን ሳያጓድል ገንዘብ የመለሰ መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ አይቀነስበት፤ እንዲያውም ከመለሰው ላይ ድርሻ ተሰጥቶት የተበላሸ ማሽኑን ያስጠግንበት። የተጀመረ መንገድና ቦይ ሳያልቅ አዲስ የመሠረት ድንጋይ አይቀመጥ። የሚቀጥለው በጀት ከመጽደቁ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በሰኔ ወር ብቻ ያወጣው ገንዘብ ከሌላው ወር ተነጥሎ፣ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን። ወረቀቱን በነፃ እኔ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ