ጉዳቱ ቀነሰ ሲባል ምኑ ቀነሰ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ሩቴኒየም ከሚባለው ብረት ወይም ከወርቅ ውህድ እምብዛም የማይጎዳ የካንሰር መድኃኒት ሊሠራ ነው የሚል ዜና በየጊዜው ይወጣል። ደስ ይላል። ግን ኬሞ የምናዘጋጅ ሰዎች ጋ «አዲሱ እስኪመጣ ብቆይስ?» የሚል ታካሚ ይዞብን ይመጣል። እባካችሁ ምርምሩ የት እንደደረሰ ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ንገሩን። ናሚ-ኤ የተባለው የሩቴኒየም ውህድ እንኳ ሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሶ ነው የቀረው።

እስካሁን ያስመሰከረው ፕላቲነም ነው። ከፕላቲነም የሚሠራው የኬሞ መድኃኒት ሲስፕላቲን በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የተዛመተ የዘር ፍሬ ካንሰር እንኳ የሚድን በሽታ የሆነው በእሱ ነው። እኛ አገር ለማህፀን በር ካንሰር ከጨረር ጋር ይሰጣል። ክፋቱም የታወቀ ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጆሮ ያስጮሃል፣ ክፉኛ ያስታውካል። ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ያ ሁሉ ግሉኮስ የሚንጠለጠለው ለኩላሊቱ ነው (ሰው ሁሉ ግሉኮስ ይለዋል እንጂ የጨው ውሃ ነው)። መርፌው ራሱ አሉሚኒየም ካለበት ጥቁር ዝቃጭ ይሠራና መድኃኒቱ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ቀለል ያለው ወንድሙ ካርቦፕላቲን በ1989 መጣ። ኩላሊት ላይ አይጨክንም፣ ማስታወኩም ይቀንሳል። መቅኔ ላይ ግን ይበረታል፤ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ሴሎች) ያወርዳል። በዘር ፍሬ ካንሰር በሲስፕላቲን ቦታ ሲሞከር ደግሞ ውጤቱ አነሰ። ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው ኦክሳሊፕላቲን ሌላ ጣጣ አለው። የወሰደ ሰው ከፍሪጅ ዕቃ ሲያወጣ ጣቱን ይነዝረዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጎነጭ ጉሮሮው የተዘጋ ይመስለዋል። ሳይነገረው ቤቱ የሄደ ታካሚ እንዴት እንደሚደነግጥ አስቡት።

ስለዚህ «ጉዳቱ የቀነሰ» ብላችሁ ስትጽፉ ምኑ እንደቀነሰ፣ በምን እንደተተካ፣ የማዳን አቅሙስ እንዳለ መሆኑን ጨምሩበት። አዲስ ብረት ሳይጠበቅ ጉዳት የሚቀንስበት መንገድም ዜና ነው። ለምሳሌ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ሲስፕላቲን የሚወስዱ ልጆች ጆሯቸው እንዳይጎዳ በ2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ የሚሰጠው ካንሰሩ ላልተሠራጨባቸው ልጆች ነው። ታካሚዎችም ጆሯቸው መጮህ ከጀመረ ለቀጣዩ ዙር ሲመጡ ሳይሆን ያኔውኑ ይንገሩን። መጠኑን የምናስተካክለው ወይም መድኃኒቱን የምንቀይረው ስናውቅ ነው።

የኬሞ ፋርማሲ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ