የበረሃ ድልድዮቻችን ብረት ተብለው እንዳይሸጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እኛ በጅማ መሀል የሚፈሰው የአዌቱ ወንዝ ልጆች ድልድይ ሥር ውኃ ማየት ለምደናል። ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው ቆላ ግን ከአሮጌው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ድልድዮች ሥር ያለው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ያ ሁሉ ብረት ምን እንደሚሠራ የሚገባው ክረምት ሲመጣ ነው። ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ የሐረርጌ ደጋ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ድንገት ይደርሳል። በበጋ እግረኛ የሚመላለስበት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል።

የምድር ባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋን በ1895፣ አዲስ አበባን በ1909 ነው የደረሰው። ጅቡቲ ግዛት ውስጥ ሆልሆል ላይ 29 ሜትር ከፍታ፣ 138 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ድልድይ ለዚህ ሐዲድ ቆሟል። በዚያ ሐሩር ድንጋይ የጠረቡትን፣ ብረት የተሸከሙትን የቀን ሠራተኞች ስም ማን ያውቃል?

አዋሽ ላይ የሆነውንም እናስታውስ። ጣሊያን በ1933 ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፍርሶ ነው የሄደው። ጥር 5 ቀን 1977 ደግሞ እዚያው አዋሽ አካባቢ ባቡር ድልድይ ላይ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገባና ከ400 በላይ መንገደኞች አለቁ። ለእነርሱ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ቢቆም አይበዛባቸውም።

ለጅማ ሰው ምኑ ነው የሚል ካለ፣ ከዚህ በመኪና አዲስ አበባ ይገባ የነበረው ቡና ለገሃር ተጭኖ ወደ ጅቡቲ ወደብ የወረደው በእነዚህ ድልድዮች ላይ ነው። የአባቶቻችን ጆንያ ያለፈበት መንገድ የእኛም ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱን መሥመር ይዞ በ2009 ተመርቋል፤ ደስ ይለናል። አሮጌዎቹ ድልድዮች ግን ባለቤት የሌላቸው ቁርጥራጭ ብረት ሆነው መቅረት የለባቸውም። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እያንዳንዳቸውን ለክቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመዝግብልን። የጎርፉን ዘመንና የጥገናውን ታሪክ የሚያውቁት የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ የሚጠይቃቸው ይኑር፣ ዕድሜ አይጠብቅምና። ጋዜጣችሁም ሙቀቱ በረድ በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ አንድ ጋዜጠኛ ከፎቶግራፍ አንሺ ጋር ቢልክ፣ የምናነብ ብዙ ነን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ