ጀልባዋን ከመረከብሽ በፊት

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ሦስት ጊዜ ጻፍሽልኝ፣ ሦስቱንም ደጋግሜ አነበብኩ፣ አንዱንም አልመለስኩልሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ውሸት ይሆናል። እውነተኛው ምክንያት አሁን ከጠየቅሽኝ ነገር ጋር ስለሚያያዝ፣ እዚሁ መሀል እነግርሻለሁ።

12 ሜትር የምትረዝም የሸራ ጀልባ ለአንድ ሳምንት ልትከራዪ ነው። ስድስት ሰው ይዘሽ፣ ካፒቴኗ አንቺ። ሳነበው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስለ ሸራው አንድም ነገር አልነግርሽም፤ ነፋስ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰማል። ግን አብረን የተማርንባት ትንሽ ጀልባ ትዝ ትልሻለች አይደል? ባትሪ እንኳ አልነበራትም። ሽንት ቤቷ ባልዲ ነበር። የኪራይ ጀልባ እንደዚያ አይደለችም። ውስጧ ሙሉ ቤት ነው፤ የራሷ መብራት፣ የራሷ ውሃና ፍሳሽ፣ ጋዝ፣ ፍሪጅ፣ የናፍጣ ሞተር አላት። ቤት ውስጥ አንዱ ሲበላሽ ሰው ትጠሪያለሽ። ባሕር ላይ ሌሊት የሚበላሸውን ግን የምታስተካክይው አንቺው ነሽ።

ጀልባዋን የሚያስረክብሽ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ይሰጥሽ ይሆናል። በዚያ ቀን ሌሎች ጀልባዎችም ስለሚያስረክብ ይቸኩላል። ደግ ሰው ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ ግን በጣም ፈጥኖ ይናገራል። ይሄ የውሃው ፓምፕ ነው፣ ይሄ የፍሪጁ ነው፣ ያ የባትሪው ቁልፍ ነው እያለ በጣቱ እያሳየሽ ያልፋል። ጓደኞችሽ ሻንጣ እያስገቡ ይጠሩሻል። አንቺም ራስሽን እየነቀነቅሽ እሺ፣ እሺ ትያለሽ። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

አሁን ልንገርሽ። ያኔ የተከራየኋት ጀልባ ሁለት ዓይነት ባትሪ ነበራት። አንደኛው ወገን ለቤቱ ነው፤ መብራት፣ ፍሪጅ፣ ፓምፕ፣ መሣሪያዎቹ ሁሉ ከእሱ ይጠቀማሉ። ሌላኛው ሞተሩን ለማስነሳት ብቻ የተቀመጠ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ብታበሪም ጠዋት ሞተርሽ እንዲነሳ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሌላ ቁልፍ ደግሞ አለ፤ የሞተሩ ባትሪ ሲደክም ብቻ ለአንድ አፍታ የሚዞር የአደጋ ጊዜ ቁልፍ። አስረካቢው ይህንን ነግሮኛል። ራሴን ነቅንቄያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ ጸጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ መልህቅ ጣልን። ቀኑን ሙሉ በሸራ ስለሄድን ሞተሩ ብዙም አልሠራም፣ ስለዚህ ባትሪው አልተሞላም። ምሽት ላይ መብራቱ ደከመ። ከእኛ አንዱ ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘውን ቁልፍ አዞረው፣ መብራቱ ደመቀ፣ እኔም ጥሩ ነው ብዬ ተኛሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀየረና መልህቁ ለቀቀ። ወደ ላይ ስወጣ ድንጋዩ ቅርብ ነበር፣ ማዕበሉ ሲመታው ይሰማል። ወደ ሞተሩ ሮጥኩ፣ የማስነሻውን ቁልፍ አዞርኩት። ቀጭ አለ። ደግሜ አዞርኩት፣ አሁንም ቀጭ ብቻ። ሁለቱም ባትሪዎች ባዶ ነበሩ። የመልህቁ ሰንሰለት መሳቢያም የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ እሱም ሞቷል።

ያተረፈን ከመካከላችን አንዷ ናት። በርክክቡ ጊዜ ሰውየው ስለ ሰንሰለት መሳቢያው ሲያወራ፣ እስኪ እኔ በእጄ ልሞክረው ብላ ያዘችው። እጀታው የት እንደሚቀመጥ፣ ወደየት ሲዞር ሰንሰለቱ ያለ ኤሌክትሪክ ተለቆ እንደሚወርድ ያን ቀን በገዛ እጇ አድርጋዋለች። በጨለማ ሄዳ ለቀቀችው። 25 ሜትር የነበረው ሰንሰለት 45 ሆነ፣ መልህቁ እንደገና ያዘ። እስኪነጋ አጠገቡ ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ጠዋት ጎረቤት ጀልባ ላይ የነበሩ ሰዎች በጎማ ጀልባ ትርፍ ባትሪ አምጥተው ሞተራችንን አስነሱልን።

ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ባሕር ለመመለስ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ለአንቺ ደግሞ ይህን ሳልነግርሽ ሌላ ነገር መጻፍ አልሆን አለኝ፤ ይህን መጻፍም ከበደኝ። እንደዚያ እያለ ወሩ ዓመት ሆነ። ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። በርክክቡ ጊዜ ራስሽን አትነቅንቂ። እያንዳንዱን ነገር በእጅሽ ክፈቺው፣ ዝጊው፣ አስነሺው፣ አጥፊው። ሰውየው ቢቸኩልም አንድ ጊዜ ይቆይልኝ በይው። አንቺ ስትሠሪ ጓደኛሽ በስልክ ቪዲዮ ትቅረጽ።

ከባትሪው ጀምሪ። የማብሪያ ሰሌዳው ላይ ቮልት የሚያሳይ መለኪያ አለ። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 አካባቢ ያሳያል። 12.2 ሲሆን ግማሹ አልቋል ማለት ነው፣ ከዚያ በታች መውረዱ ባትሪውን ይጎዳዋል። ሞተሩ ሲነሳ ቁጥሩ ወደ 14 ካልወጣ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ግን ቮልቱን አትመኚው፤ ሊያልቅ እስኪል ድረስ ቁጥሩ ብዙ አይወርድም። ያኔ በመቶኛ የሚያሳየውን መለኪያ ነው የምታዪው። ብዙ የሚበላው ፍሪጁ ነው። ሲሠራ 5 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በቀን ውስጥ ተደምሮ 12 ሰዓት ቢሠራ 60 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የ400 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ቢኖርሽ የምትጠቀሚው ግማሹን፣ 200ውን ብቻ ነው። ሒሳቡን ማታ ማታ ሥሪው። ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ለስድስቱም ሰው አሳዪ። ለአንቺ ብቻ መታወቁ አይበቃም።

ሞተሩ ናፍጣ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ከፍተሽ እዪው። ዘይቱን፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ፣ ቺንጋውን። ገመድ ውሃ ውስጥ እንዳልተንጠለጠለ ዙሪያውን ሳታዪ አታስነሺ፤ ገመድ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል። ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን። እንደተነሳ ወደ ኋላ ሄደሽ የጭስ ማውጫውን እዪ፣ ጆሮሽንም ጣል አድርጊበት። ከጭሱ ጋር ውሃ እየተረጨ መውጣት አለበት። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከባሕር በሚስበው ውሃ ነውና። ውሃ ካልወጣ ቶሎ አጥፊው። ወይ የባሕሩ ውሃ መግቢያ ተዘግቷል፣ ወይ ማጣሪያው ሣርና ላስቲክ ይዟል፣ ወይ ውሃ የሚገፋው የጎማ ክንፍ ተቀዷል። ትርፍ የጎማ ክንፍ ጀልባዋ ላይ መኖሩን አስቀድመሽ ጠይቂ። ስታጠፊ ደግሞ መጀመሪያ ማቆሚያውን ተጫኚ ወይም ሳቢ፣ ሞተሩ ጸጥ ሲል ነው ቁልፉ የሚዞረው። እየሠራ ቁልፉን ካጠፋሽው ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል።

መልህቅ ስትስቢ ሞተሩ ይሥራ፤ መሳቢያው ብዙ ኃይል ይበላል። ጀልባዋንም በሰንሰለቱ አትጎትቻት። በሞተር ቀስ ብለሽ ወደ መልህቁ ሂጂ፣ መሳቢያው የላላውን ሰንሰለት ብቻ ይሰብስብ። መልህቅ ጥለሽ ስትጨርሺ ጭነቱን ከመሳቢያው ላይ አንሺ፤ መንጠቆ ያለውን ገመድ ሰንሰለቱ ላይ አስረሽ ጀልባዋ በእሱ ትያዝ። የመሳቢያው ብሬከር አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ሰሌዳ ርቆ አንድ ጥግ ነው የሚገኘው። ሳይነግሩሽ ከቀረ ፈልገሽ አታገኚውም።

ውሃውን በተመለከተ አንድ የምወደው ዘዴ አለኝ። ሁለት ታንክ ካለ ሁለቱን አንድ ላይ አትክፈቺ። አንዱን ብቻ ክፈቺ። ፓምፑ አየር እየሳበ መንጫጫት ሲጀምር ግማሹ ውሃ ማለቁን ታውቂያለሽ፣ ሁለተኛውን ትከፍቻለሽ፣ ለሰዎቹም ከዚህ በኋላ ቁጥብ በሉ ትያቸዋለሽ። ሌሊት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ በራሱ ሲነሳ ከሰማሽ ተነሺ። የሆነ ቦታ ውሃ ያፈሳል። ውሃ ስትሞዪ ደግሞ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አንብቢ፤ የውሃውና የናፍጣው ክዳን መልካቸው አንድ ነው። ናፍጣ ታንክ ውስጥ ውሃ ከገባ ሳምንቱ እዚያው ያልቃል።

ሽንት ቤቱን ለሁሉም በመጀመሪያው ቀን አሳዪ፣ አትፈሪ። ቧንቧው ጠባብ ነው። በሰው ሆድ ያላለፈ ነገር እዚያ አይገባም፣ ወረቀትም ቢሆን በፌስታል ይሰብሰብ። በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ከሆነ 15 ወይም 20 ጊዜ ይገፋ፣ ሲጨርሱ ማንሻው ውሃ በማያስገባበት ቦታ ይመለስ። ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ታንክ አለ፣ መውጫው ወደብና ወሽመጥ ውስጥ ይዘጋል። የት እንደሚከፈት የአካባቢው ሕግ ይወስናል፣ ጠይቂ። ፓምፑ እምቢ ካለ ታንኩ ሞልቶ ይሆናልና በጉልበት አትግፊው።

ጋዙን ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ። የምግብ ማብሰያው ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈተለከ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይተኛል፣ በመስኮት አይወጣልሽም። አንድ የእሳት ፍንጣሪ ሲያገኝ ይፈነዳል። ስለዚህ ምግብ ሲያልቅ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ቫልቭ ዝጊ፣ የምድጃውን ብቻ አይደለም። ከሸተተሽ ጋዙን ዝጊ፣ ኤሌክትሪክ አትንኪ፣ ሰውን ሁሉ ወደ ላይ አውጪ።

የጀልባዋ ሆድ ላይ ወደ ባሕር የሚከፈቱ ቀዳዳዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ቫልቭ አላቸው። ሁሉንም ቁጠሪያቸው። እጀታው ከቧንቧው ጋር አንድ መስመር ከሆነ ክፍት፣ ከተሻገረው ዝግ ነው። አጠገባቸው የእንጨት ውታፍ መኖሩን እዪ። ቧንቧ ቢቀደድ የምትወትፊው በእሱ ነው። ወለሉን ከፍተሽ ውሃ ብታገኚ በጣትሽ ቅመሺው፤ ጨው ካለው ከባሕር ነው፣ ከሌለው ከራስሽ ታንክ።

ጥልቀት መለኪያው ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር ጠይቂ። አንዳንዱ ከውሃው ላይኛ ገጽ፣ አንዳንዱ ከጀልባዋ እግር፣ ማለትም ከሆዷ ሥር ወደ ታች ከሚወርደው ክንፍ፣ በታች ነው። እግሯ ከውሃው ገጽ 2 ሜትር ወደ ታች የሚደርስ ከሆነ 2.5 የሚለው ቁጥር በአንዱ ግማሽ ሜትር፣ በሌላው ሁለት ሜትር ተኩል ቀርቶሻል ማለት ነው። ሰውየው እርግጠኛ ካልሆነ ክብደት የታሰረበት ገመድ ወደ ውሃው ልቀቂና ለኪው፣ እዚያው ወደብ ላይ።

ራዲዮው የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16 ላይ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ አለው። ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ክዳኑን ከፍተው 5 ሰከንድ ያህል ይጫኑታል፣ የት እንዳላችሁ ራሱ ይልካል። ከዚያ በ16 ላይ ሜይዴይ (ድረሱልን የሚለው የአደጋ ጥሪ) ሦስት ጊዜ፣ የጀልባዋ ስም፣ ያላችሁበት ቦታ፣ ምን እንደደረሰ፣ ስንት ሰው እንዳላችሁ። ይህን በወረቀት ጽፈሽ ራዲዮው አጠገብ ለጥፊው፤ ምናልባት ውሃ ውስጥ የወደቅሽው አንቺ ትሆኚያለሽ፣ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው።

በራሱ የሚነዳውን መሪ እንዴት እንደምታስለቅቂው ደግሞ መጀመሪያ ተማሪ፣ እንዴት እንደሚያዝ በኋላ ይደርሳል።

ረዘመብሽ አይደል? የሁለት ዓመት ነው፣ ቻይው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የመጀመሪያው ቀን ማታ መልህቅ ጥለሽ ሞተሩን አጥፍተሽ ትንሽ ከቆየሽ በኋላ የቤቱ ባትሪ ስንት ቮልት እንደሚል እዪ። ጠዋት ማንም ምንም ሳያበራ እንደገና እዪ። ሁለቱን ቁጥሮች ላኪልኝ። የምድጃውንም የፍሪጁንም ነገር ሳይሆን እነዚያን ሁለት ቁጥሮች። የዚያን ቀን ሌሊት ስልኬ ትራሴ አጠገብ ነው የሚያድረው፣ ስትልኪ ወዲያው እመልስልሻለሁ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ