ስለ ካርድ ክፍያው ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ከጥቅምት 1 ጀምሮ በክሊኒካችን የሕክምና ካርድ ዋጋ ከ10 ብር ወደ 80 ብር ማሳደጋችን ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈን ዝም ማለታችን ጥፋታችን ነው። ቀደም ብለን ልንነግራችሁ ይገባ ነበር። ይቅርታ አድርጉልን።

ስለ ክፍያው ራሱ ግን ላስረዳችሁ። ከካርድ ክፍሉ መስኮት ማዶ ሆኜ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። «የፈረንጅ ገንዘብ እየበሉ ከድሃ ይቀበላሉ» ተብለናል። «ድሮም ነጋዴ ናቸው» ያለም አለ። ሰው ሲከፋው ብዙ ይናገራል፣ አልፈርድም። ቢሆንም ልቤ ተሰብሯል።

ሽሮ ሜዳ ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲረግጥ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ከግራ እግሩ አውራ ጣት ሥር ቁስል አየን። እሱ ምንም አልተሰማውም ነበር። ስኳር እግርን እንደሚያደነዝዝ ያኔ ማን ነገረን? በጨውና በሙቅ ውሃ ስናጥበው ከረምን። ሐኪም ቤት ስንደርስ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሸማኔ ያለ እግር ምን ይሠራል? ነርስነት የተማርኩት በዚህ ምክንያት ነው። በ1999 ዓ.ም. አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በአንድ አልጋና በአንድ የግፊት መለኪያ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን መጋረጃዎች ሸምናችሁ ያመጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ። አንዱ ዛሬም መርፌ ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል።

እስካሁን በ10 ብር የታከማችሁት ሕክምናው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። አብዛኛውን የመድኃኒት ወጪ አንድ የውጭ ድርጅት ይሸፍንልን ስለነበር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ኪኒኑም፣ ጓንቱም፣ መርፌውም ተከትሎት ወጣ። ያንን እንደምንም ቻልነው። ጥር 2017 ላይ ደግሞ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ለ90 ቀን አገደች። የሚረዳን ድርጅት ገንዘቡ ከዚያ ነበር የሚመጣው። 90 ቀኑ አለፈ፣ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

የስኳር መለኪያዋን ማሽን ታውቋታላችሁ። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁ ብዙ ጊዜ በስጦታ ያመጡልናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ማሽኗ ግን ያለ ስትሪፕ፣ ማለትም የደም ጠብታ ከሚነካባት ቀጭን ቁራጭ ውጭ፣ ባዶ ዕቃ ናት። ስትሪፑም የራሷ ዓይነት ካልሆነ አትቀበልም። አንዴ ደም ከነካ ይጣላል። ከውጭ ነው የሚገባው፣ የሚገዛውም በዶላር ነው። መሳቢያዬ ውስጥ አሁን አራት ማሽኖች ስትሪፕ አጥተው ተቀምጠዋል። ኢንሱሊን ደግሞ ፍሪጅ ይፈልጋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል።

«አትራፊ ካልሆናችሁ ለምን ታስከፍላላችሁ?» ለምትሉ፦ አትራፊ ያልሆነ ማለት የማያስከፍል ማለት አይደለም። የተገኘውን ማንም አይካፈለውም ማለት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገቢ ማስገኛ ሥራ ይፈቅዳል፤ የአስተዳደር ወጪያችን ደግሞ ከጠቅላላ ገቢያችን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ሒሳባችን በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋል። ማየት የሚፈልግ ቢሮዬ ይምጣ፣ ቡና አፍልቼ አሳየዋለሁ።

ከፊቴ የነበሩት ምርጫዎች ሁለት ነርሶችን ማሰናበት፣ ቅዳሜን መዝጋት፣ ኢንሱሊን መስጠት ማቆም ወይም ካርድ መጨመር ነበሩ። ካርድ ጨመርኩ። ዛሬም ብጠየቅ ይህንኑ ነው የማደርገው።

ግን አንድ ነገር ሳይሰማ ቀርቷል። መክፈል የማይችል አይከፍልም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ድሮም አይከፍሉም፣ አሁንም አይከፍሉም። ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ያለው አይከፍልም። ደብዳቤ የሌለው ለካርድ ክፍሏ ልጅ ቀስ ብሎ «የለኝም» ይበላት። ከዚያ በላይ አትጠይቅም። ክትባት፣ ወሊድና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ደግሞ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ስለሚሰጡ፣ ለእነሱ እዚህ አትክፈሉ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተቆጡን፣ ግን ክትትላችሁን አታቋርጡ። ደም ግፊት አያምም። ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ኪኒኑን ይተዋል፣ ግፊቱ ግን ውስጥ ውስጡን ኩላሊትና ልብ ይጎዳል። አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ ጎን አልታዘዝ ይላል። በዚህ ወር ቀጠሯቸው ያለፈባቸውን ሰዎች ካርድ ለይቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ቆጠሩ። 35 ብር ነበር። መልሰው ቋጠሩትና ምንም ሳይናገሩ ወጡ። እኔ ከውስጥ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ሮጬ እስከ አስፋልቱ ድረስ ወጣሁ፣ አጣኋቸው። እማማ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ የግፊት ኪኒንዎ ተዘጋጅቶ ካርድ ክፍል ተቀምጧል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነን። ገንዘብ ይዘው አይምጡ።

አክባሪያችሁ፣
የክሊኒኩ መሥራችና ሥራ አስኪያጅ