ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ከባቢ አየር ትምህርትና ስለ እንጦጦው ጉዞ

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ አራዳ

ይድረስ ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች

እንደምን ሰንብታችኋል? ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የ8ኛ ክፍል ልጆቻችን ስለ ከባቢ አየርና ስለ ንጣፎቹ ይማራሉ። ትምህርቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በመሀሉም እንጦጦ እንወጣለን። የፈቃድ ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ፈርማችሁ ብቻ እንዳትመልሱት ግን አደራ፤ ዘንድሮ ከእናንተ የምፈልገው ከፊርማ ትንሽ ይበልጣል።

መጀመሪያ አምና የሆነውን ልንገራችሁ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ እንደሚቀዘቅዝ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር 6.5 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ለልጆቹ አስተማርን። በዓይናቸው አይተው እንዲያምኑ ብለን ቴርሞሜትር አስይዘን እንጦጦ ወሰድናቸው። ግቢያችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ 3,000 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ላይ ስንደርስ ሙቀቱ ወደ 4 ዲግሪ መውረድ ነበረበት። ልጆቹ ሲያነቡት ግን እንጦጦ ከፒያሳ ሞቆ ተገኘ! አንዷ ተማሪ ዞር ብላ “ቲቸር፣ መጽሐፉ ነው የተሳሳተው?” አለችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ “ቴርሞሜትሩ ሳይበላሽ አይቀርም” አልኩ።

ቴርሞሜትሩ ምንም አልሆነም ነበር። ግቢ ውስጥ የለካነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ እንጦጦ የለካነው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። በመካከሉ ፀሐይ ወጥታ ሥራዋን ሠርታለች። አንድም አዋቂ ይህን ሳያስተውል፣ ጥፋቱን በመሣሪያው አላክኬ ልጆቹን ይዤ ወረድኩ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ቅዳሜ ኅዳር 20 ግማሹ እንጦጦ ይወጣል፣ ግማሹ ግቢ ይቀራል። ልክ 4 ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ወገን ቴርሞሜትሩን ከጥላ ሥር አድርጎ ያነባል፤ በስልክ ይነጋገራል። ቅዳሜ ኅዳር 27 ይቀያየራሉ። ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር ባይገጥምም እንዳለ ይመዘገባል።

ንጣፎቹን በቃል ማስጠናት ቀላል ነው፤ ትሮፖስፌር፣ ስትራቶስፌር፣ ሜሶስፌር፣ ቴርሞስፌር፣ ኤክሶስፌር። ፈተና ላይ ይጻፋሉ፣ በማግሥቱ ይረሳሉ። እኛ ግቢው ውስጥ ገመድ ዘርግተን፣ አሥሩን ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር አድርገን እንለካዋለን። በዚህ መለኪያ እንጦጦ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ራስ ደጀን 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከቦሌ ተነሥቶ ከፍታውን የያዘ አውሮፕላን 1 ሜትር ከምናምን ላይ ይበራል። ዝናቡ፣ በረዶው፣ መብረቁ፣ ደመናው የሚገኝበት ትሮፖስፌር በእኛ አገር አቅጣጫ 1 ሜትር ከ60 አካባቢ ያልቃል፤ ይህም የብዙዎቹ ልጆቻችሁ ቁመት ነው። ወደ ዋልታዎቹ ሲኬድ ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ስትራቶስፌር እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር የሚያስቀርልን ኦዞን ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ከዚያ እስከ 8 ሜትር ተኩል ያለው ሜሶስፌር ነው፤ ማታ ማታ “ኮከብ ወደቀ” የምንልላቸው ድንጋዮች በብዛት ነድደው የሚያልቁት እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው አየር እጅግ ሳስቶ ስለሚሄድ ድንበሩ የት እንደሆነ በገመድ ማሳየት ይከብዳል። ብቻ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ 1፣ በዚህ መለኪያ 60 ሜትር አልፋ ነበር የምትዞረው። ገመዱ ከግቢው በር ይወጣል ማለት ነው፤ ጥበቃው ከወዲሁ ተነግሮታል።

ምድርስ ራሷ በዚህ መለኪያ? ዳር እስከ ዳሯ 1,274 ሜትር፣ ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ ያህል። ያን ሁሉ መንገድ የምታክል ምድር ላይ የተኛው የምንተነፍሰው አየር የአንድ ልጅ ቁመት ብቻ ነው።

አምና አንድ አባት ቢሮዬ መጥተው “ሰማያት ሰባት ናቸው ብለን ያሳደግናትን ልጅ እናንተ አምስት አደረጋችሁባት” ብለው ተቆጥተው ነበር። እውነት አላቸው፤ ልጅቷ ተደናግራለች። ዘንድሮ መምህራኖቻችን አስቀድመው ይህን ይለያሉ፦ አምስቱ የአየር ንጣፎች እንጂ የሃይማኖት ሰማያት አይደሉም። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ የተማሩትን ሰባቱን ሰማያት የሚነካ ነገር በትምህርቱ ውስጥ የለም። ሁለቱን ቆጠራዎች ማወዳደርም አያስፈልግም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እዚህ ከተማ የምንኖር ሰዎች ብዙ የማናስበው ነገር አለ፤ ከባቢ አየሩ ሲመዘን ሩብ ያህሉ ከበታችን ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ማጀት የሚሠራ ሰው ነው፤ ግፊት ሲያንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ንፍሮው አይበስልም። ድሬዳዋ በአንድ ሰዓት የሚበስል ባቄላ እዚህ ሲንተከተክ የሚውለው ለዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከር ያላችሁ፣ እባካችሁ ልጁን ጠርታችሁ ክዳኑ ለምን እንደሚጠብቅ አስገምቱት።

ሌላው ባዶ ሃይላንድ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ባዶ ሃይላንድ ከነክዳኑ ይዞ ይምጣ። እንጦጦ ላይ ከፍተው ጥብቅ አድርገው ይዘጉታል፤ ፒያሳ ሲደርሱ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ያገኙታል። ቅዳሜና እሑድን አዳማ የሚሄድ ቤተሰብ ካለ ከቤት ዘግቶ ይውሰደው፤ እዚያ ደግሞ ጭምድድ ይላል።

ልጆቹ እንዲህ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፦ “እንጦጦ ለፀሐይ ቅርብ ሆኖ ለምን ቀዘቀዘ?” ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለ 600 ሜትር ቅርበት ከቁም ነገር አይገባም። ደግሞም ፀሐይ በይበልጥ የምታሞቀው መሬቱን ነው፤ አየሩን ከሥር የሚያሞቀው መሬቱ ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንስለታል፣ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ይህን እንዳትነግሩባቸው። ከኢንተርኔት አውጥታችሁም አትስጧቸው። “አንተስ ምን ይመስልሃል?” ብላችሁ አንድ ሳምንት ብታቆዩልን ውለታችሁን አንረሳም። ስህተት የሆነ ግምታቸውን ሁሉ ደብተራቸው ላይ እንዲጽፉ እንፈልጋለን።

የፊታችን ዓርብ ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ከተማችንን በጨረሰው የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረ ልማድ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቆሻሻ አቃጥሉ ማለቴ አይደለም፤ ጢሱ በሳል ለሚቸገር ልጅ ጥሩ አይደለም። ግን ማለዳ የጎረቤት ጢስ መታየቱ ስለማይቀር ልጁ ከደጅ ቆሞ ጢሱን ይከታተል። በዚህ ወር ሌሊቱ ጥርት ያለ ስለሆነ መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ከመሬት የተጠጋው አየር ከላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ማለትም ያ በኪሎ ሜትር 6.5 ዲግሪ ያልነው ሕግ ለጥቂት ሰዓታት ይገለበጣል። ጢሱ ጥቂት ወጥቶ ክዳን እንደገጠመው ሁሉ ወደ ጎን ይተኛል፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ክዳኑ ይከፈታል። ልጁ ጢሱ በስንት ሰዓት ወደ ላይ መውጣት እንደጀመረ ይመዝግብ። በነገራችን ላይ አምና ማለዳ ግቢያችንን ቀዝቅዞ ያገኘነው በከፊል በዚህም ሳይሆን አይቀርም፤ የዘንድሮውን 4 ሰዓት የመረጥነው ይህንንም አስበን ነው።

ለጉዞው፦ መኪናው ከግቢ የሚነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከሰፈራችን ወጥታችሁ ራቅ ወዳለ ቦታ የተዛወራችሁ ወላጆች መንገዱ እንደሚያስቸግራችሁ አውቃለሁ፤ እስከ 2 ሰዓት ተኩል መድረስ የማይችል ልጅ ካለ ቅጹ ላይ ጻፉልን፣ ግቢ ከሚቀሩት ጋር እንመድበዋለን። ሹራብ ወይም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ምሳ ዕቃና የሚጠጣ ውኃ ይያዝ። ኮፍያው ለጌጥ አይደለም፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ብርዱ ደግሞ ያዘናጋል። አስም ያለበት ልጅ ኢንሄለሩን ሳይይዝ አይሳፈርም። እዚያ ያለው አየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ እንደ ፒያሳው 21 በመቶ ነው፤ አየሩ ራሱ ስለሳሳ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ያንሳል። ሯጮቻችን እዚያ የሚለማመዱት ወደው አይደለም! ልጆቹ እንዳይሯሯጡ እንቆጣጠራለን።

የትራንስፖርቱን ወጪ ትምህርት ቤቱ ይችላል። ቅጹ እስከ ረቡዕ ኅዳር 17 ለክፍል ኃላፊው ይመለስ። አሮጌም ቢሆን የሚሠራ የግድግዳ ቴርሞሜትር ያለው ቤት ቢያውሰን፣ ያለን አራት ብቻ ስለሆነ፣ ደስ ይለናል፤ ስም ተለጥፎበት ይምጣ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር